ሰባተኛው ጋን

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስም ረዥም ነበረ፤
ሠራተኛው "ጋን" ብሎ አሳጠረው፣ ጋን ሆኖ ቀረ።
ሰባተኛው ጋን፣ የማይዝግ ብረት፣ ከእኔ ቁመት በክንድ ይበልጣል፤
ሆዱ ላይ ክብ መስተዋት አለው፣ ብርሃን ከውስጡ ይፈልቃል።
"የጋን ውስጥ መብራት" ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤
ይኸው ደመወዝ ይከፈለኛል፣ በእሱ ላይ አፍጥጬ ለማደር።

ሞላሰሱ ከመተሐራ በቦቴ ይመጣል፣
ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከንፈር የሚያጣብቅ።
በውኃ እናቀጥነዋለን፣ በእንፋሎት እንቀቅለዋለን፣
ያልተጠራ ነፍስ ከውስጡ እንዳይደበቅ።
ከዚያ ኢፍራህ ከፍሪጅ አንዲት ጠርሙስ ታወጣለች፣
እንደ አራስ ልጅ አንገቷን ደግፋ፣
እርሾውን ትጥላለች።

እርሾው ባክቴሪያ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የተሰበረ ስንደዶ፤
ስኳር ይበላል፣ አሲድ ይወልዳል፣ ያለ ወሬ፣ ያለ መርዶ።
አርባ ሁለት ዲግሪ ሙቀት ካላገኘ ሥራ የለም አለበት፤
ሌላ አገር ማሞቂያ ይገዙለታል፣
ድሬ ላይ መስኮት ከፈትንለት።

አንድ ክፉ ዕጣ ግን አለበት፦
የወለደው መልሶ ይገድለዋል።
ሲሠራ ይኮመጥጣል፣ ሲኮመጥጥ ይደክማል፣
የገዛ ድካሙ ፍሬ አንገቱ ድረስ ይሞላል።
ስለዚህ ኖራ እንሰጠዋለን፣ በየሩብ ሰዓቱ፣ በጥቂቱ፣
ከከተማዋ ጀርባ ካለው ጋራ የተፈለጠ ነው ጥንቱ።
ጋንን ጠጠር ይደግፈዋል ይሉ የለ?
እኛ ጠጠሩን ፈጭተን፣ በጥብጠን፣ በቱቦ።

ሐሙስ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ መብራት ሄደ።
መቅዘፊያው ሁለት ዙር ዞረ፣ በሦስተኛው ሰነፈ።
ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም።
ዘበኛው ዩያ የስልኩን መብራት እያወዛወዘ መጣ፣
"አላህ ያውቃል" አለና፣ ምርቃናው ሳይለቀው፣
ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

በእጅ መለኪያው አየሁት፦
አምስት ነጥብ ስድስት።
አምስት ነጥብ ሁለት።
አራት ነጥብ ዘጠኝ።
ቁጥር ሲወርድ ድምፅ የለውም።

ኢፍራህ ሻሿን አጠበቀች፣ ኖራውን በባልዲ በጠበጠች፣
መሰላሉን ወጣች።
"ክዳኑን ከከፈትሽው ባዕድ ይገባበታል!"
"ይግባ። እዚህ ኮምጣጣ ውስጥ ማን ደፍሮ ይኖራል?"

እኔ መቅዘፊያውን ከሞተሩ ፈታሁ፣
በአባቴ መፍቻ ዘንጉን ያዝኩና በእጄ አዞርኩ።
አባቴ ከምድር ባቡር ጡረታ ሲወጣ ይዞት የወጣው መፍቻ ነው፤
ሲሞት ለወንድሜ የከዚራው ቤት ደረሰው፣
ለእኔ ይኸው።

ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አልቆጠርኩም።
ከላይ፣ ከጨለማው፣ ድምፅዋ መጣ፦
"እነዚህስ እሺ፣ እኛ አለንላቸው።
አንተ ግን፣ ስለ አንድ ቤት ሁለት ዓመት ኮምጥጠህ፣
ኖራ የሚጨምርልህ ማን አለህ?"

አልመለስኩም።
ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ እሱን ጠረግሁ።

አሥር ተኩል ላይ ጋኑ ከሆዱ በራ።
ከመስተዋቱ ወዲያ ግራጫ ጉም ይዞራል።
ናሙና ቀዳን፣ ጠብታ ጨመርን፣ አንድ፣ ሁለት፣
አሥራ ዘጠኝ፣ ምንም፤
ሃያኛው ላይ ብልቃጡ የሕፃን ድድ መሰለ፣ ሮዝ።
"አሉ" አለች ኢፍራህ፣ ኖራ ባዛገው ጣቷ አፍንጫዋን እያሸች፣
"ግማሾቹ እንኳ አሉ።"

አሲዱ ተጣርቶ በበርሜል ይሄዳል፤
ለከረሜላ፣ ለቆዳ ማለስለሻ።
ባሕር ማዶ ደግሞ ክር ይሠሩበታል አሉ፣
ሐኪም ቁስል የሚሰፋበት፤
ሥጋው ሲገጥም ክሩ ራሱ ይሟሟል፣
ማንም ሳይጎትተው።

ጠዋት ደቻቱን በእግሬ ተሻገርኩ፣
አሸዋው ገና ቀዝቃዛ ነው።
በግራ ወደ ቤቴ፣ በቀኝ ወደ ከዚራ።
መፍቻው ቦርሳዬ ውስጥ ከበደኝ።

ወንድሜ ፉል የሚበላበትን ቤት አውቀዋለሁ።
ከደጁ ሁለት ወንበር ነበር፣ እሱ ገና አልመጣም።
በአንዱ ተቀመጥኩና
ከጥፍሬ ሥር ኖራውን መፈልፈል ጀመርኩ።